ቁርሱን በልቶ የወጣ ጦር

የታሪክ ጥያቄዎቻችሁ፦ ጡረታ ከወጡ የታሪክ መምህር ጋር፣ ከሐረር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ሳቢያን ተወልጄ ያደግሁ ወጣት ነኝ። ፋንታሲ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ዓመቱን ሙሉ በረዶ በማይለየው የሰሜን አገር ነው። የኔዎቹ 800 እግረኞች ናቸው፤ ጠላት ደግሞ ጥሩር የለበሱ 6,000 ፈረሰኞች አሰልፏል። መጨረሻው ላይ የኔዎቹ ጠላትን እያባበሉ የረጋ ሐይቅ ላይ ያወጡታል፤ በረዶው ይሰነጠቅና ፈረሰኛው በሙሉ ይሰጥማል። ጓደኛዬ አንብቦ «ይሄንን መቶ ቦታ አይቼዋለሁ» አለኝ። እውነት በታሪክ እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ካልሆነስ፣ ትንሽ ጦር በበረዶ አገር ትልቁን የሚያሸንፍበት ሌላ ምን መላ አለ? እኔ በረዶ የማውቀው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ልቦለድ የሚሞክር ሰው ሲገኝ የማውቀውን ሁሉ ባካፍለው እወዳለሁ። በደርግ ጊዜ ታሪክ የተማርኩት ሌኒንግራድ ስለሆነ ከበረዶው ጋር በደንብ እንተዋወቃለን። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ።

ከሐይቁ ልጀምር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በዛሬዎቹ ሩሲያና ኢስቶኒያ ድንበር ላይ ባለው በፔይፐስ ሐይቅ ኤፕሪል 5 ቀን 1242 የተደረገውን ውጊያ ነው። የኖቭጎሮዱ ልዑል አሌክሳንደር ኔቭስኪ የጀርመን ባላባት ፈረሰኞችን በረጋው ሐይቅ ላይ ድል አደረገ። በ1938 የተሠራው የሶቪየት ፊልም በረዶው ሲሰነጠቅና ብረት ለባሾቹ ነጭ ካባቸውን ለብሰው ሲሰጥሙ ስላሳየ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ደራሲና የፊልም ሠሪ ሁሉ ያንን ትዕይንት ይቀዳል። በጊዜው የተጻፉትን ብታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኖቭጎሮድ ዜና መዋዕል ጠላት በበረዶው ላይ ሰባት ቬርስት ያህል፣ ማለትም ሰባት ኪሎ ሜትር ግድም፣ እየተባረረ መመታቱን፣ 400 ጀርመኖች መሞታቸውንና 50 መማረካቸውን ይናገራል። በጀርመኖቹ ወገን በግጥም የተጻፈው ዜና መዋዕል ደግሞ ፈረሰኞቹ ከታቀፉበት የሃይማኖት ጦር ማኅበር አባላት 20 ሞቱ፣ 6 ተማረኩ ይላል፤ ሙታኑ የወደቁት ሣር ላይ ነው ብሎም ይጨምራል። ሁለቱም ስለ መስጠም አንድ ቃል አላነሱም።

በረዶ በእውነት ተሰንጥቆ ሰው የበላው ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1234፣ የአሌክሳንደር አባት ያሮስላቭ ጀርመኖችን በዛሬዋ ኢስቶኒያ ባለው በኤማዮጊ ወንዝ ላይ ሲገጥም ነው። ወንዝ መሆኑን ልብ በል። ከሥሩ ውሃ የሚሄድበት በረዶ ሁልጊዜ የማይታመን ነው። ናፖሊዮንም በ1805 አውስተርሊትዝ ላይ ካሸነፈ በኋላ 20,000 ሰው የረጋ ኩሬ ውስጥ ሰጠመ ብሎ በመግለጫው አስነገረ፤ ኩሬው በኋላ ውሃው ሲለቀቅ የተገኘው ጥቂት የሰው አስከሬን፣ ብዙ የፈረስ ሬሳና መድፍ ነው። አሸናፊ ቁጥር ማብዛት ይወዳል፤ አንተ ደራሲ ነህና ያንን መግለጫ የሚያስነግር ንጉሥ ልቦለድህ ውስጥ ብታስገባ ከመስጠሙ የተሻለ ታሪክ ይወጣሃል።

አሁን ስሌቱን ተመልከት። አንድ ሰው በእግሩ ለመሄድ ጥርት ያለ 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ ይበቃዋል። ትንሽ መኪና ከ20 እስከ 30፣ የጭነት መኪና ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። ጥሩር የለበሰ ሰው ከነፈረሱ ስድስት ሰባት ኩንታል ቢመዝን ነው፤ ከመኪና ያንሳል። ከዚህም የሚብሰው ችግር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የቆመ እግረኛ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚጭነው ክብደት ከፈረሰኛው ብዙም አያንስም። የኔዎቹ ያልካቸው 800 ሰዎች ጋሻቸውን ገጥመው የቆሙበት በረዶ ለምን ለነሱ ታማኝ፣ ለጠላት ከዳተኛ ይሆናል? አንባቢህ ይሄን ባያሰላውም ይሰማዋል። ጓደኛህን ያልጣመውም ይኸው ይመስለኛል።

ሐይቁን ካልተውከው መላው ሌላ ነው። ኔቫ ወንዝ ሲረጋ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች በበረዶው ላይ ይወጣሉ። አንደኛው ሲሄድ ከኋላ ከኋላ ተከትዬ አይቼዋለሁ። በእጁ ጫፉ የሾለ ረጅም ብረት ይዟል፤ እግሩን ከማንሳቱ በፊት ፊቱን ያለውን በረዶ በብረቱ ይመታል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ እንደገና ይመታል። የድልድይ ሥር ሲደርስ ሳይመታ ዞሮ ሄደ። ቀለሙንም ያነብባል፤ ጥርት ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ጠንካራ ነው፣ ወተት የመሰለው ነጩ ግን ጉልበቱ ግማሽ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ብናኝ በረዶ የተከመረበት ቦታ ከሥሩ ያለው ግግር ይሳሳል፣ ምክንያቱም ክምሩ ብርዱ ወደ ውሃው እንዳይደርስ ይከልላል። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ብናኙን ጠርገው ለራሳቸው አንድ መንገድ ቢያወፍሩና የጠረጉትን ጅረት በሚገባበት በኩል ቢከምሩት፣ ሐይቁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የነሱ ወገን ይሆናል። ጠላት የሚያየው ወጥ የሆነ ነጭ ሜዳ ነው። ይሄ ያለ አስማት የሚሆን ነገር ነው፤ ሳምንታት ስለሚፈልግም መንደርተኞችህን ቀድመህ እንድናውቃቸውና እንድንወዳቸው ጊዜ ይሰጥሃል።

በታሪክ የበረዶን ጥቅምና ጉዳት በአንድ ዓመት ልዩነት የቀመሰ ንጉሥም አለ። የስዊድኑ ካርል አሥረኛ ጉስታቭ በ1658 የብርድ ወራት ባሕሩ በመርጋቱ ጦሩን በእግሩ አሻግሮ ዴንማርክን ባልጠበቀችው በኩል ገባባት። በመንገዱ ላይ በረዶው ተሰንጥቆ የተወሰነ ፈረሰኛ ገብቶበታል፤ እሱ ግን አልቆመም፣ ዴንማርክም ሰፊ ግዛት አስረክባ ታረቀች። በፌብሩዋሪ 1659 እንደገና ኮፐንሃገንን በሌሊት ሊያጠቃ ሲመጣ፣ ዴንማርኮች የከተማውን ዙሪያ በረዶ በመጋዝ ቆርጠው ውሃ ከፍተው ጠበቁት። አልቻለም። መጋዝ የያዘ ሰው ከሰይፈኛ የበለጠበት ሌሊት ነው፤ እኔ ብሆን እሱን ነበር የምጽፈው።

ይሁንና ልጄ፣ ልቤ ያለው ሐይቁ ላይ አይደለም። በረዶ ለማንም ወግኖ አይዋጋም። የሚመታው ያልበላውን፣ ያልደረቀውንና ከመንገድ መውጣት ያቃተውን ነው። በብርድ አገር ጥሩ የጦር መሪ ማለት ብርዱ ከራሱ ይልቅ በጠላቱ ላይ እንዲያድር የሚያደርግ ሰው ነው። የዚህን መልክ በደንብ ያየሁት አንድ የጥንት ውጊያ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218፣ በዲሴምበር መጨረሻ ግድም፣ የሰሜን አፍሪካዋ የካርቴጅ ጦር መሪ ሃኒባል በሰሜን ጣልያን በትሬቢያ ወንዝ አጠገብ ሰፍሯል። ማዶ የሮማ ጦር አለ፤ ወደ 40,000 የሚጠጋ። ቀኑ በረዶ የሚዘንብበት ቀን ነው። ሃኒባል ማታውኑ ወንድሙን ማጎን 1,000 ፈረሰኛና 1,000 እግረኛ ሰጥቶ ቁጥቋጦ በሸፈነው የጅረት ቦይ ውስጥ ደበቀው። ሮማውያን ጫካ ሲያዩ ደፈጣ ይጠረጥራሉ፤ ገላጣ ሜዳ ግን አያሠጋቸውም ነበር። ጎሕ ሲቀድ ቀላል ፈረሰኞቹን ወንዙን አሻግሮ የሮማውያንን ሰፈር አስነካቸው። የሮማው አዛዥ ሴምፕሮኒየስ ክብር ናፋቂ ሰው ነበርና ሰዎቹን ከእንቅልፍ እንደተነሡ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ፈረሶቹም ገፈራ ሳያገኙ አስወጣቸው። ሌሊት በዘነበው የሞላውን ወንዝ እስከ ደረታቸው እየጠለቁ ተሻገሩ።

በዚያኛው ወገን የሆነውን ተመልከት። የሃኒባል ሰዎች በጊዜ ቁርሳቸውን በልተዋል። በየድንኳኑ ፊት እሳት ነዷል፤ እሱን ከበው ገላቸውን ዘይት እየተቀቡ፣ መሣሪያቸውን እያሰናዱ ነበር። ፈረሶቻቸው በልተዋል። ሮማውያኑ ረጥበው፣ ተርበው፣ ጣታቸው ጦር መጨበጥ እያቃተው ሜዳ ላይ ሲሰለፉ ያኔ ወጥተው ገጠሟቸው፤ ማጎም ከኋላ ወጣባቸው። 10,000 ያህል ሮማውያን መሐሉን ሰብረው ወደ ፕላሴንቲያ ከተማ አመለጡ፤ ከቀረው አብዛኛው ወንዙ ዳር አለቀ። ወንዙ አልረጋም፣ በረዶም አልተሰነጠቀም። የዚያን ቀን መሣሪያ ቁርስ፣ እሳትና ዘይት ነበር።

ይኸው ነገር በእኛ ዘመን አቅራቢያ በፊንላንድ ተደግሟል። ሶቪየት ኅብረት ኖቬምበር 30 ቀን 1939 ፊንላንድን ስትወር፣ በሱኦሙሳልሚ በኩል የገባው 44ኛው ክፍለ ጦር በራቴ መንገድ ላይ ታንኩን፣ መድፉንና መኪናውን አስከትሎ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘረጋ። ግራ ቀኙ ጫካና ጉልበት የሚውጥ በረዶ ነው፤ ከመንገዱ ሊወጣ አይችልም። የኮሎኔል ሲላስቩኦ ፊንላንዳውያን በስኪ እየተንሸራተቱ፣ ነጭ ለብሰው፣ በረጉት ሐይቆች ላይ የራሳቸውን የስንቅ መንገድ አወጡ። ስንቃቸው በፈረስ በሚጎተት ተንሸራታች ይመጣል። ከዚያ ያንን ረጅም ሰልፍ ዛፍ እየጣሉ ቆራረጡት፤ በተቆረጠው ላይ ግን ወዲያው አልዘመቱበትም። መጀመሪያ የመቱት ምኑን ይመስልሃል? ወጥ ቤቱን ነው። ተንቀሳቃሽ የወታደር ምድጃዎችንና ሌሊት የሚነድደውን እሳት። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 እና 40 ይደርስ ነበር። ትኩስ ነገር ያልቀመሰ፣ እሳት ለመሞቅ ከተጠጋ የሚተኮስበት ሰው በዚያ ብርድ ከሁለት ቀን በኋላ መዋጋት አይችልም። ፊንላንዳውያኑ ራሳቸው ጫካ ውስጥ ምድጃ ባለው ድንኳን ተራ በተራ ይሞቁ፣ ይተኙ ነበር። በጃንዋሪ 1940 መጀመሪያ ሳምንት ያ ክፍለ ጦር ተበታተነ፤ አዛዡንም የራሱ መንግሥት ረሸነው።

አየህ፣ 800 እና 6,000 ያልከው ነገር እዚህ ላይ ሕይወት ያገኛል። አንድ የጦር ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ግድም ድርቆሽና እህል ይበላል። 6,000 ፈረስ ማለት በቀን 600 ኩንታል ነው። አገርህ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ከሆነ ሣር ከየት ይመጣል? ሁሉም ከሩቅ ተጭኖ መምጣት አለበት። አንድ ተንሸራታች አምስት ኩንታል ቢጭን ለአንድ ቀን ብቻ 120 ተንሸራታች ያስፈልጋል፤ የሚጎትቱት ፈረሶችም ይበላሉ። እንግዲህ የኔዎቹ ለምን ከፈረሰኛው ጋር ይገጥማሉ? ድርቆሹን ያቃጥሉ። ናፖሊዮን በ1812 ሩሲያ ሲገባ ፈረሶቹ ገና በበጋው መርገፍ ጀምረው ነበር፤ በረዶው ሲመጣ ደግሞ ለበረዶ የሚሆን ሹል የኮቴ ብረት ስላልተመታላቸው በየዳገቱ እየተንሸራተቱ ወደቁ፣ መድፉም መንገድ ላይ ቀረ። ብረት ቀጥቃጩን ረስቶ የዘመተ ንጉሥ ነው። በቤሬዚና ወንዝ ላይ የደረሰበት መከራም የመጣው ብርዱ በመላላቱ ነው፤ ረግቶ የነበረው ወንዝ ቀልጦ ድልድይ መሥራት ግድ ሆነ፣ ድልድይ ሠሪዎቹ በበረዶ ውሃ ውስጥ ቆመው ሠሩት። ልቦለድ ውስጥ ብርዱ ሁሌም እየባሰ ይሄዳል፤ አንተ አንድ ቀን ሞቅ አድርገውና የሚሆነውን ተመልከት።

በረዶን ሳታይ እንዴት ትጻፈው? ለዓይን የማይታዩትን ልንገርህ። ብርዱ ሲበረታ በረዶው ከእግር ሥር ይንጫጫል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከሩቅ ይሰማል። ስለዚህ በጣም በበረደ ሌሊት በእግር ተደብቆ መቅረብ ዘበት ነው፤ ሰርጎ ገብ መላክ ከፈለግህ ብርዱ ላላ ያለበትን፣ በረዶ የሚዘንብበትን ሌሊት ምረጥለት፤ የሚዘንበው ዱካውንም ይሸፍንለታል። ነፋስ በሌለበት ብርድ ጭስ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ሰፈርህን ያሳብቃል። ትንፋሽም እንዲሁ፤ ሲሞ ሃይሃ የተባለው ፊንላንዳዊ አልሞ ተኳሽ ትንፋሹ እንዳይታይ በረዶ ይጎርስ፣ ሲተኩስ ብናኝ እንዳይነሣ ከአፈሙዙ ፊት ያለውን በረዶ ይጠቀጥቅ ነበር። ጨረቃ ካለች በረዶ ላይ ሌሊቱ ቀን ነው፤ በተቃራኒው ሌኒንግራድ በዲሴምበር ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ጠዋት ክፍል ስንገባ ጨለማ፣ ስንወጣም ጨለማ ነበር። ገና ከደጅ ስትወጣ የአፍንጫህ ውስጥ ፀጉር ይደርቃል። ጓንት ሳታደርግ የበር እጀታ ከያዝህ ቆዳህ ይጣበቃል። ጫማ ሲጠብብህ ጣትህ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ አዋቂ ሰው ሰፊ ጫማ ገዝቶ ጋዜጣ ይጠቀጥቅበታል። ያንተ ጀግኖች ባርኔጣ ያድርጉ። ፀጉሩን በነፋስ እየበተነ በውርጭ ውስጥ የሚዋጋ ጀግና በበዛበት ዘመን፣ ጆሮውን የሸፈነ ጀግና ራሱን የቻለ አዲስ ነገር ነው።

የብርድን ጠባይ ደግሞ እዚሁ ማጥናት ትችላለህ። በታኅሣሥ 18 ለ19 ሌሊት ቁልቢ ውጣ። ከድሬዳዋ ሙቀት በስስ ልብስ ተነሥተው ደንገጎን በእግራቸው የወጡት ምእመናን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆኑ አስተውል፤ ላብ የነካው ልብስ ገላ ላይ ሲቀዘቅዝ፣ ሰው ማውራት ሲያቆም፣ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ዘንድ ሰው እንዴት እንደሚሰበሰብ። ማን ነጠላውን ለማን እንደሚያካፍል ጻፍ። በብርድ ወቅት ጦር የሚይዘው ወይ የሚፈታው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የጀጎል ነዋሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ የኮምፒውተር ጌም ላይ በበረዶ ሲዋጋ ይውላል። «እማዬ፣ የኛ ሰዎችስ በበረዶ ተዋግተው ያውቃሉ?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። አለ እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ አለ፤ ልጅዎ ጥሩ ጠይቋል። የመጀመሪያው በጣም ጥንታዊ ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ መጥቶ በድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ጽሑፉ ያኔም የቆየ ነው፤ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን የሚቆጥርበት ሲሆን መጀመሪያው ስለጠፋ የንጉሡ ስም አልተረፈም። ከዘመተባቸው አገሮች አንዱ ሰሜን፣ ማለትም ራስ ዳሸን ያለበት ተራራማ አገር፣ ነው። ንጉሡ የሰሜንን ሰዎች ወንዝ ተሻግሮ፣ ለመውጣት አስቸጋሪ በሆኑና በረዶ በሸፈናቸው ተራሮች ላይ እንደገጠማቸው፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ ያስጽፋል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና ውርጭና በረዶ ያውቃል። ለልጅዎ ይንገሩት፤ ጉልበት የሚውጥ በረዶ ላይ የተደረገ ዘመቻ በራሳችን ነገሥታት ድንጋይ ላይ ተጽፎ ነበር።

ሁለተኛው ኮሪያ ነው። የቃኘው ሻለቃ የክብር ዘበኛ ወታደሮች በኤፕሪል 1951 በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ያ በድሬዳዋ ያልፍ የነበረው የድሮው ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ በመርከብ ሄደው በሜይ ፑሳን ደረሱ፣ የዚያን ዓመትም የብርድ ወራት በኮሪያ ተራሮች ምሽግ ውስጥ አሳለፉ። የታወቁት በሌሊት ቅኝት ነው፤ ከነሱ አንድም ሰው ተማርኮ አልተገኘም። ከነሱ በፊት በነበረው ብርድ፣ በ1950 መጨረሻ፣ በቾሲን ሐይቅ ዙሪያ የሆነው በመላው ዓለም የጦር ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ቻይናውያኑ የአሜሪካን ጦር በቁጥር በልጠው፣ በሌሊት ተራራውን ይዘው ከበቡት። ሆኖም የመጡት በስስ የጥጥ ካፖርትና በሸራ ጫማ ነበር፤ ስንቃቸውም አልደረሰላቸውም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎቻቸውን የጣለው ብርዱ ነው። የተከበቡት ተኩሰው ወጡ። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ብዙ ሺህ ሰው እግሩን ብርድ በልቶታል፤ ሐኪሞቹ የማስታገሻውን መርፌ እንዳይረጋ አፋቸው ውስጥ ይዘው ያሞቁት ነበር። ልጅዎ ጌሙን ሲጫወት ይሄንን ቢያስብ ደስ ይለኛል። እዚያ ስክሪን ላይ ያለው ወታደር አይርበውም፣ ካልሲውም አይረጥብም።

የኛዎቹ ነገሥታት በበኩላቸው የዝናቡን ወራት እንዴት እንዳከበሩት መርሳት የለበትም። ተከዜና አባይ ሲሞሉ ዘመቻ ይቆማል፤ ጦር የሚንቀሳቀሰው መስቀል ካለፈ፣ መንገዱ ከጠጠረና አዲስ እህል ከደረሰ በኋላ ነበር። የበረዶ አገር ሰዎች ወንዝ እስኪረጋ እንደሚጠብቁት ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከገንደ ቆሬ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እኔም ፋንታሲ እጽፋለሁ፤ ወታደሮቼ ግመል ነው የሚጋልቡት። በረዶ አገር ቢዘምቱ ግመሎቹ ይሞታሉ?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ እንደ ምርጫህ ነው። የኛ አንድ ሻኛ ያለው ግመል ለብርድ አልተፈጠረም። ሞንጎሊያ ውስጥ ያለው ሁለት ሻኛ ያለው ግመል ግን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይችላል፤ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በጸደይ ያራግፈዋል፣ ውሃ ሲያጣ በረዶ ይበላል። ችግሩ እግሩ ነው፤ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ብናኝ በረዶ ላይ ደህና ሲሄድ ልሙጥ ግግርና ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ዝሆን ለማድረግ አስበህ ከነበረ ተወው፤ ሃኒባል ከትሬቢያ በኋላ በነበረው ብርድ ከአንዱ በቀር ዝሆኖቹን ሁሉ አጥቷል።

ምሳሌ ከፈለግህ ሞንጎሎቹን አጥና። ሩስን፣ ማለትም የጥንቷን ሩሲያ፣ የወረሩት ሆን ብለው በብርድ ወራት ነው፤ ሪያዛንን በዲሴምበር 1237፣ ቭላድሚርን በፌብሩዋሪ 1238 ያዙ። ሌላው ጦር እንቅፋት የሚላቸው ወንዞች ሲረጉ ለነሱ በጫካው መሐል የተዘረጉ ሰፊ መንገዶች ሆኑላቸው፤ ከተሞቹ ሁሉ ወንዝ ዳር ስለነበሩ መንገዱ በር ድረስ ያደርሳቸዋል። ትንንሽ ፈረሶቻቸውም በረዶውን በኮቴያቸው ጭረው ሣር ያወጣሉ። ኖቭጎሮድ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ግን ጸደዩ ገባ፣ እነሱም ተመለሱ። አንተም ዘመቻህን ወንዙ ከረጋ በኋላ ጀምረው፣ ግመሎቹን ብናኙ ባለበት በዳር በዳር ንዳቸው፣ ግግሩ ላይ መውጣት ግድ ሲሆን አመድ ወይም ጭድ በትንላቸው። በረዶው መቅለጥ ሳይጀምር ደግሞ ወደ ደረቅ ሜዳ መልሳቸው፤ ከጭቃው ውስጥ ግመል አታወጣም።